የሄሞግሎቢን ልመት በወባ ተሕዋስ ውስጥ እና አርቲሚሲኒንን የመላመድ ባዮኬሚስትሪ

በጊምሳ ቀለም የተዘጋጀ የደም ስላይድ አንብቦ የሚያውቅ ሰው የፕላስሞዲየም ፋልሲፓረምን ሁለት መልኮች ይለያል። አንደኛው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ እንደ ቀለበት ተቀምጦ የሚታየው ለጋ ደረጃ ነው፤ ቀጭን ነው፣ በውስጡም ጥቁር ነገር አይታይበትም። ሁለተኛው ትሮፎዞይት የሚባለው የበሰለ ደረጃ ሲሆን ወፍሮ፣ ከመካከሉ ቡናማ ቅንጣት ቋጥሮ ይገኛል። የበሰለው ደረጃ በትናንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከታማሚ ጣት በተወሰደ ደም ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ አጥርቶ የሚታየው በላቦራቶሪ በሚራባ ተሕዋስ ላይ ነው። ያ ቡናማ ቅንጣት ተሕዋሱ ከበላው ሄሞግሎቢን የተረፈ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ ኮንስታንቲን ከተማ የወባን ተሕዋስ ያገኙትም ይህንኑ ቀለም ሲመረምሩ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቀለበቱ ደረጃ ቀለሙ ስለማይታይ ይህ ደረጃ ከሄሞግሎቢን ጋር ብዙ ጉዳይ እንደሌለው አድርጎ ማሰብ ቀላል ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ቀለበቱ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አርቲሚሲኒን ይግደለው አይግደለው የሚወሰነው በዚያች ጥቂት ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ በመጀመሪያ ደረጃ የምትጠቀመው አርቲሜተርን ከሉሜፋንትሪን ጋር ያጣመረውን መድኃኒት እንደ መሆኑ፣ በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሰባበር የሚጠይቀው የባዮኬሚስትሪ ጥያቄ በጤና ጣቢያ ደጃፍ ከቆመው ታማሚ ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

ፋልሲፓረም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚያሳልፈው ዑደት 48 ሰዓት ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአስተናጋጁ ሕዋስ ሄሞግሎቢን ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን፣ በአንዳንድ ግምት እስከ 80 በመቶ የሚደርሰውን፣ ይፈጫል። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የቀይ የደም ሕዋስ ውስጠኛ ክፍል በሄሞግሎቢን የታጨቀ ሲሆን መጠኑ በሊትር 340 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ተሕዋሱ ከዚህ ክምችት እየቆነጠረ በገዛ ሽፋኑ በኩል ሳይቶስቶም በሚባል ጠባብ አፍ ወደ ውስጥ ይስባል፤ የሳበውንም በትናንሽ ከረጢቶች አድርጎ ወደ ምግብ ቫኩዮሉ ያደርሳል። የቫኩዮሉ ፒኤች ከ5 እስከ 5.5 ገደማ ነው፤ አሲዳማ መሆኑም የልመቱ ኢንዛይሞች እንዲሠሩ ያመቻቻል።

የሚገርመው ተሕዋሱ ከዚህ ሁሉ አሚኖ አሲድ ለራሱ ፕሮቲን መሥሪያ የሚያውለው ጥቂቱን ብቻ መሆኑ ነው፤ የቀረውን ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ለምን ከሚያስፈልገው በላይ ይበላል? አንዱ መላ ምት እያደገ የሚሄደው ተሕዋስ በጠባቡ ሕዋስ ውስጥ ቦታ ለማግኘትና ሕዋሱ ከጊዜው በፊት በውኃ ግፊት እንዳይፈነዳ ለመከላከል ነው ይላል። በሌላ በኩል የአዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን ኢሶሉሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ፈጽሞ የለውም። ስለዚህ ተሕዋሱ በምግብ ተከቦ ሳለ አንዲቱን አሚኖ አሲድ ከደም ፈሳሹ መለመን ግዴታው ነው። ኢሶሉሲን በሌለበት ባህል ውስጥ የተቀመጠ ተሕዋስ አይሞትም፤ እድገቱን አዘግይቶ ይቆያል፣ ኢሶሉሲን ሲመለስለትም ይቀጥላል። ይህን ዘግይቶ የመቆየት ችሎታ በኋላ እንመለስበታለን።

የሄሞግሎቢን ልመት የሚካሄደው በቅብብሎሽ ነው። በቫኩዮሉ ውስጥ አራት ፕላዝሜፕሲኖች አሉ፤ ሦስቱ አስፓርቲክ ፕሮቲየዞች ሲሆኑ አራተኛው ከአስፓርቲክ አሲዶቹ አንዱ በሂስቲዲን የተተካበት ዘመዳቸው ነው። ከእነርሱ ጋር ሲስቲን ፕሮቲየዝ የሆኑት ፋልሲፔይን 2 እና 3 ይሠራሉ። ከዚያም በብረታዊ አዮን የሚሠራው ፋልሲላይሲን ቁርጥራጮቹን ያሳጥራል፤ ዳይፔፕቲዲል አሚኖፔፕቲዴዝ ሁለት ሁለት አሚኖ አሲድ እየነጠለ ይወስዳል፤ በመጨረሻ አሚኖፔፕቲዴዞች ነጠላ አሚኖ አሲዶችን ያወጣሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተካሄዱ ጥናቶች የመጀመሪያው ቁርጠት በአልፋ ሰንሰለት ላይ፣ በ33ኛው ፌኒልአላኒንና በ34ኛው ሉሲን መካከል እንደሚያርፍ አሳይተዋል። ቦታው የሄሞግሎቢን ሞለኪውል ተያይዞ የሚቆምበት ማጠፊያ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ሞለኪውሉ ይላላል፤ ቀሪዎቹ ሰንሰለቶችም ለሌሎቹ ኢንዛይሞች ይጋለጣሉ።

የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ቅብብሎሽ «በመጀመሪያ ፕላዝሜፕሲን፣ ቀጥሎ ፋልሲፔይን» በሚል ቀጥ ያለ ሰልፍ ያቀርቡታል። በእኔ እምነት ሥዕሉ ከሚገባው በላይ ንጹሕ ነው። ፋልሲፔይን 2 ራሱ ያልተነካውን ሄሞግሎቢን መቁረጥ ይችላል፤ ፕላዝሜፕሲኖችን ከቦዘነ ቅርጻቸው ወደ ንቁ ቅርጽ በማብቃት ረገድም የፋልሲፔይኖች እጅ አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ ከዘረመል ሙከራ የመጣው ነው። አራቱም የቫኩዮል ፕላዝሜፕሲኖች የተሰረዙበት ተሕዋስ እድገቱ ቢቀንስም ይኖራል። ፋልሲፔይን 2 የተሰረዘበት ደግሞ ቫኩዮሉ ባልተፈጨ ሄሞግሎቢን ተነፍቶ ይታያል፤ ነገር ግን ወደ ኋለኛው ደረጃ ሲደርስ ፋልሲፔይን 3 ሥራውን ስለሚረከብ ያገግማል። አንዱ ሲጎድል ሌላው የሚሸፍንበት ይህ አደረጃጀት አንድን ፕሮቲየዝ ብቻ በማገድ ተሕዋሱን ለመግደል ያሰቡ ብዙ የመድኃኒት ፍለጋ ሥራዎችን አስቸግሯል። ሁለቱን የፕሮቲየዝ ቤተሰቦች በአንድነት ማገድ ግን የተለየ ውጤት አለው፤ የአስፓርቲክና የሲስቲን ፕሮቲየዝ አጋጆች አብረው ሲሰጡ ጉዳታቸው ለየብቻ ከሚያደርሱት ድምር ይበልጣል።

ሄሞግሎቢን ሲፈርስ አሚኖ አሲድ ብቻ አይደለም የሚወጣው። እያንዳንዱ ሞለኪውል ብረት የተሸከሙ አራት ሂሞችን ይለቃል። ነጻ ሂም ሽፋን የሚያፈርስና ኦክስጅንን ወደ ጎጂ ቅርጾች የሚገፋ መርዝ ነው፤ ተሕዋሱም የኛን የመሰለ ሂም ሰባሪ መንገድ ስለሌለው ሂሙን አንድ ላይ አያይዞ ሄሞዞይን ወደሚባል የማይሟሟ ክሪስታል ይለውጠዋል። በስላይድ ላይ የምናየው ቡናማ ቅንጣት ይኸው ነው። ክሎሮኪን የሚገድለው ይህን የክሪስታል ሥራ በማደናቀፍ እንደ ሆነ፣ ተሕዋሱም መድኃኒቱን ከቫኩዮሉ ወደ ውጭ በሚያወጣ የተለወጠ ፕሮቲን እንደ ተላመደው በሰፊው የታወቀ ነው።

የአርቲሚሲኒን ነገር ከዚህ ይለያል። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአርቴሚዥያ ተክል አውጥተው ለሕክምና ያበቁት ይህ ሞለኪውል፣ ለዚህም በ2015 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት፣ በውስጡ ሁለት ኦክስጅኖች ተያይዘው የቆሙበት የኢንዶፐሮክሳይድ ድልድይ አለው። ድልድዩ እስካልተሰበረ ድረስ ሞለኪውሉ ጉዳት አያደርስም። የሚሰብረው ደግሞ ከሄሞግሎቢን ልመት የሚገኘው ሂም፣ በተለይም በውስጡ ያለው ብረት ነው። ድልድዩ በተሰበረ ጊዜ የሚወለደው ነጻ ራዲካል ባገኘው ፕሮቲን ላይ ሁሉ ይለጠፋል። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ መንገድ የተነኩ 124 የተሕዋሱን ፕሮቲኖች ለይቷል። ስለዚህ አርቲሚሲኒን አንድ ቁልፍ አንድ ቀዳዳ እንደምንለው ዓይነት መድኃኒት አይደለም፤ በተሕዋሱ እጅ የሚፈነዳ ነገር ነው ማለት ይቀላል።

ይህ አባባል ምሳሌ ብቻ አለመሆኑን ያረጋገጠ ቀላል ሙከራ አለ። በ2011 የታተመው ይህ የሜልበርን ተመራማሪዎች ሥራ ተሕዋሱን በመጀመሪያ ፋልሲፔይንን በሚያግድ ኬሚካል አዘጋጅቶ ከዚያ አርቲሚሲኒን ሰጠው። ሁለት ጎጂ ነገሮች ተደምረው ይበልጥ ይገድላሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ይሳሳታል፤ ተሕዋሱ ከአርቲሚሲኒን ተረፈ። ፕሮቲየዙ ሲታገድ ሄሞግሎቢን አልተሰበረም፤ ሂም አልወጣም፤ መድኃኒቱም አልነቃም። ፋልሲፔይን 2 የተሰረዘበት ተሕዋስም እንዲሁ ለመድኃኒቱ ያለው ስሜት ቀንሶ ተገኝቷል። የፕሮቲየዝ አጋጅን ከአርቲሚሲኒን ጋር ለማጣመር የሚያስብ ሰው ይህን ውጤት ሳያይ መነሣት የለበትም።

ከዚህ በኋላ የመላመድ ጥያቄ ሌላ መልክ ይይዛል። ከ2008 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከምዕራብ ካምቦዲያ የወጡ ዘገባዎች አርቲሚሲኒን የተሰጣቸው ታማሚዎች ደም ከተሕዋሱ የሚጠራበት ጊዜ መርዘሙን አሳወቁ። በ2014 ኬልች 13 በሚባል ፕሮቲን፣ በተለይ እንደ አውሮፕላን ተሽከርካሪ ምላጭ በተደረደረው ክፍሉ ላይ የሚታዩ ለውጦች ምልክቶቹ መሆናቸው ታወቀ። ያም ሆኖ ፕሮቲኑ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም ነበር፤ ለበርካታ ዓመታት ለውጡን እየቆጠርን ሥራውን ሳናውቅ ቆየን። በ2020 የሃምቡርግ ተመራማሪዎች ኬልች 13 እና አብረውት የሚገኙ ፕሮቲኖች የሚቀመጡት ሄሞግሎቢን ወደ ውስጥ በሚዋጥበት አፍ አጠገብ መሆኑን አሳዩ። ኬልች 13 ሲቀንስ ተሕዋሱ የሚውጠው ሄሞግሎቢን ይቀንሳል፤ የሚፈጨው ይቀንሳል፤ የሚወጣው ሂም ይቀንሳል፤ የሚነቃው መድኃኒት ይቀንሳል። የተላመደው ተሕዋስ መድኃኒቱን አላስወጣውም፣ አልሰበረውምም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ትንሽ መብላት ነው።

በዚህ ውጤት ውስጥ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ኬልች 13 ለመዋጥ የሚያስፈልገው በቀለበቱ ደረጃ ብቻ መሆኑ ነው። ትሮፎዞይቱ ያለ እርሱም ይውጣል። ስለዚህ የተላመደ የሚባለው ተሕዋስ በበሰለ ደረጃው ላይ እንደ ማንኛውም ተሕዋስ በመድኃኒቱ ይሞታል፤ የሚያመልጠው ለጋው ነው። የአርቲሚሲኒን ቤተሰብ መድኃኒቶች በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚጠፉ፣ እነዚያን ሰዓታት በጾም ያሳለፈ ቀለበት ነቅቶ ይቀጥላል። ቀደም ሲል ከኢሶሉሲን ረሃብ ጋር አንሥተነው የነበረው ዘግይቶ የመቆየት ችሎታ ከዚህ ጋር ዝምድና ሳይኖረው አይቀርም። ጾሙ ግን ያለ ዋጋ አይደለም። ትንሽ የሚበላ ተሕዋስ አሚኖ አሲድ ያጥረዋል፤ ብዙዎቹ የኬልች 13 ለውጦችም መድኃኒት በሌለበት ባህል ውስጥ ካልተለወጠው ጋር ሲወዳደሩ ወደ ኋላ ይቀራሉ። መድኃኒቱ በብዛት በሚሰጥበት አካባቢ ግን ይህ ዋጋ የሚከፈል ዋጋ ይሆናል።

ሁለተኛው የፕሮቲን መሰባበሪያ መንገድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የነቃው አርቲሚሲኒን የተለጠፈባቸው ፕሮቲኖች ይበላሻሉ፤ ቅርጻቸውም ይፈታል። ሕዋስ እንዲህ ያለውን ፕሮቲን የሚያስወግደው በአሲዳማ ከረጢት ሳይሆን በዩቢኪቲንና በፕሮቲያሶም ነው። 76 አሚኖ አሲድ ያላት ዩቢኪቲን በሚወገደው ፕሮቲን ላይ በሰንሰለት ትለጠፋለች፤ ፕሮቲያሶም የሚባለው በርሜል መሰል ግዙፍ ፕሮቲየዝ ምልክቱን አይቶ፣ የኤቲፒ ኃይል እያወጣ፣ ፕሮቲኑን ፈትቶ ወደ ውስጥ ያስገባና ይቆራርጠዋል። ይህን መንገድ የገለጡት አሮን ቺካኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮ እና ኧርዊን ሮዝ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። አርቲሚሲኒን በተሰጠው ተሕዋስ ውስጥ ዩቢኪቲን የተለጠፈባቸው ፕሮቲኖች ይከማቻሉ፤ ፕሮቲያሶሙም በሥራ ብዛት ይጨናነቃል፤ ከዚህም አልፎ በ2018 የታተመ ጥናት መድኃኒቱ የፕሮቲያሶሙን ሥራ ራሱን እንደሚያውክ አመልክቷል።

እንግዲህ አንዱ የፕሮቲን መሰባበሪያ መንገድ መርዙን ያነቃል፤ ሌላው የመርዙን ጉዳት ያጸዳል። የአርቲሚሲኒን ጥምር ሕክምና ሲታሰብ በየትኛው ላይ ክንድ ማሳረፍ እንደሚገባ ከዚህ ይለያል። ፋልሲፔይንን ማገድ መድኃኒቱን ያዳክማል፤ ፕሮቲያሶምን ማገድ ግን ያጠነክረዋል። ይህም በ2015 በሙከራ ታይቷል፦ የፕሮቲያሶም አጋጆች ከአርቲሚሲኒን ጋር ተቀናጅተው በተላመዱት ተሕዋሳት ላይ ጭምር ሠርተዋል። ችግሩ እኛም ያለ ፕሮቲያሶም የማንኖር መሆናችን ነው። በ2003 ለመልቲፕል ማይሎማ ነቀርሳ የተፈቀደው ቦርቴዞሚብ የሰውን ፕሮቲያሶም የሚያግድ መድኃኒት ነው፤ ለነቀርሳ የሚታገሡትን ጉዳት ለትኩሳት ታማሚ ሕፃን መስጠት አይቻልም። ተስፋው ያለው በሁለቱ ፕሮቲያሶሞች ልዩነት ላይ ነው። በ2016 የታተመው የተሕዋሱ ፕሮቲያሶም ቅርጽ ቤታ 2 በሚባለው ንቁ ቦታ ላይ ከሰው የተለየ መሆኑን ስላሳየ የተሕዋሱን ለይቶ የሚይዝ አጋጅ መንደፍ እንደሚቻል ታውቋል፤ እስካሁን ግን ለወባ ሕክምና የተፈቀደ የዚህ ዓይነት መድኃኒት የለም።

ዩቢኪቲን በሌላም በኩል በዚሁ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ዩቢኪቲንን ከፕሮቲን ላይ እየቆረጠ የሚያነሣው ዩቢፒ 1 የሚባለው ፕሮቲየዝ ከኬልች 13 ጎረቤቶች አንዱ ነው። በ2007 በአይጥ ወባ ላይ የተሠራ ጥናት የዚህን ኢንዛይም ለውጥ ከአርቲሚሲኒን መላመድ ጋር አያይዞት ነበር፤ ነገሩ ትርጉም ያገኘው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ ኢንዛይሙ ለሄሞግሎቢን መዋጥ እንደሚያስፈልግ ሲታወቅ ነው።

ወደ አካባቢያችን ስንመለስ፣ በኬልች 13 ላይ በ622ኛው ቦታ አርጊኒን በኢሶሉሲን የተተካበት ለውጥ በ2016 ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ተዘግቧል። (ሄሞግሎቢን የሚጎድለው አሚኖ አሲድ እዚህ መግባቱ ግጥምጥሞሽ ብቻ ነው።) በ2023 የታተመ ሰፊ ጥናት ይህንኑ ለውጥ ከሦስት የአገራችን ክልሎች ከተሰበሰቡ ናሙናዎች በ8 በመቶው አግኝቶታል፤ አንዳንዶቹ ተሕዋሳት በተጨማሪ ፈጣን የወባ መመርመሪያ የሚለየው ፕሮቲን ዘረመል የጠፋባቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ከኤርትራ የወጣው ዘገባ ደግሞ የለውጡ ስርጭት በ2016 ከነበረበት 8.6 በመቶ በ2019 ወደ 21 በመቶ ማደጉን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለውጡን ከተረጋገጡ የመላመድ ምልክቶች ጋር መድቦታል።

ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑና እንዳልሆኑ መለየት ያስፈልጋል። የአርቲሚሲኒን ቤተሰብ መድኃኒት በአንድ ዑደት የተሕዋሱን ብዛት እስከ 10,000 እጥፍ ይቀንሳል፤ የሦስት ቀን ሕክምና የሚሸፍነው አንድ ተኩል ዑደት ያህል ስለሆነ የተረፈውን የሚጨርሰው በደም ውስጥ ለቀናት የሚቆየው ሉሜፋንትሪን ነው። ቀለበቱ መድኃኒቱን ጾሞ ቢያሳልፍም ሉሜፋንትሪን እስከሠራ ድረስ ታማሚው ይድናል። አደጋው በሉሜፋንትሪን ላይ የሚወድቀው ሸክም መብዛቱ ነው፤ ከቀድሞው በብዙ እጥፍ ከሚበልጥ ተሕዋስ መካከል እርሱንም የሚቋቋም የመገኘቱ ዕድል ይሰፋል። በካምቦዲያ የታየው ቅደም ተከተል ይኸው ነበር፦ መጀመሪያ አርቲሚሲኒን ተዳከመ፣ ቀጥሎ አጋሩ መድኃኒት ወደቀ።

በዚህ ረገድ የእኛ የምርምር ሥራ የተመጣጠነ አይመስለኝም። የዘረመል ለውጥን መቁጠር ችለናል፤ ከደረቀ የደም ጠብታ ናሙና ወደ ቅደም ተከተል ንባብ የሚወስደው መንገድ ተጠርጓል። የለውጡን ባዮኬሚስትሪ መለካት ግን ብዙም አልተነካም። የቀለበት ደረጃ የመትረፍ ሙከራ የሚባለው ዘዴ ከ0 እስከ 3 ሰዓት ዕድሜ ያላቸውን ቀለበቶች ለ6 ሰዓት በ700 ናኖሞላር ዳይሃይድሮአርቲሚሲኒን ውስጥ ያስቀምጥና ከ72 ሰዓት በኋላ በሕይወት ያሉትን ይቆጥራል፤ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ከተረፈ ተሕዋሱ ተላምዷል ይባላል። ይህ ሙከራ የማያቋርጥ ባህል፣ የተሕዋሱን ዕድሜ በሰዓታት የማስተካከል ልምድና የማይጠፋ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል። ሦስተኛው ከሁለቱ ያነሰ እንዳልሆነ በሕዋስ ባህል የሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሁሉ ይመሰክራል።

ከመትረፍ ሙከራው ጎን ለጎን ሊሠራ የሚችል ቀለል ያለ መለኪያም አለ። ኬልች 13 የሚነካው የሄሞግሎቢን መዋጥን ከሆነ፣ 622 ላይ የተለወጠው የአካባቢያችን ተሕዋስ በቀለበቱ ደረጃ ምን ያህል ሄሞግሎቢን እንደሚውጥ፣ ምን ያህል ሂም እንደሚለቅ በቀጥታ መለካት ይቻላል፦ ተሕዋሱን በሳፖኒን ከቀይ የደም ሕዋሱ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ በውስጡ የቀረውን ሄሞግሎቢን በዌስተርን ብሎት፣ ነጻ ሂምንና ሄሞዞይንን ደግሞ በፒሪዲን ለይቶ በስፔክትሮፎቶሜትር ማንበብ። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በአብዛኛው የባዮኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ለንጽጽር አንድ ያልተለወጠ ተሕዋስና አንድ በፋልሲፔይን አጋጅ የተያዘ ናሙና ከተጨመሩ፣ ለውጡ የሚሠራው በመዋጥ ላይ ነው ወይስ በልመቱ ላይ የሚለው ጥያቄ በአንድ ሙከራ ይለያል፤ መዋጥ የቀነሰበት ተሕዋስ በውስጡ ሄሞግሎቢን ያንሰዋል፣ ልመት የታገደበት ግን ይከማችበታል።